የስፓኒሽ ተናጋሪዎች ሰላምታና የእኛ ሰላምታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሰላምታ ቃላቱን ካወቅሁ አይበቃኝም? ባህሉን ከራሴ ጋር ማነጻጸር ለምን ያስፈልጋል?

ቃላቱን ለመያዝ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። «ኦላ» (ሰላም)፣ «ቡዌኖስ ዲያስ»፣ «ኬ ታል» (እንዴት ነህ) የሚሉትን የማያውቅ የስፓኒሽ ተማሪ የለም። ተማሪው የሚቸገረው ከዚያ በኋላ፣ ማን ቀድሞ ሰላም እንደሚል፣ ለማን ከመቀመጫ መነሣት እንደሚገባ፣ ጉንጭ የሚሰጠው ለማን እንደሆነ፣ ብዙ ሰው በተቀመጠበት ክፍል አንዱን ብቻ ሰላም ብሎ መቀመጥ ነውር ይሁን አይሁን ሳያውቅ ሲቀር ነው። በዚህ ረገድ እኛ ኢትዮጵያውያን ከብዙዎች የተሻለ መነሻ አለን ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ያደግነው ሰላምታን እንደ ግዴታ በሚያይና ከጉዳዩ በፊት ባለጉዳዩን በሚያስቀድም ማኅበረሰብ ውስጥ ነው። በስፔንም ሆነ በላቲን አሜሪካ ያለው አስተሳሰብ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ያለው ሰላምታው በቅድሚያ በሚገልጸው ነገር ላይ ነው፤ የእኛ ሰላምታ አስቀድሞ ዕድሜንና ማዕረግን ያከብራል፣ የእነሱ ደግሞ አስቀድሞ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለውን ርቀት ያጠባል። ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ መልሶች ከዚህ ልዩነት የሚመነጩ ናቸው።

የስፓኒሽ ተናጋሪዎች ሰላምታ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ነው?

አይደለም። ስፓኒሽ በ20 ያህል አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ሲሆን፣ ከሜክሲኮ እስከ አርጀንቲና ከተዘረጉት አገሮች ሌላ እ.ኤ.አ. በ1968 ከስፔን ነፃ የወጣችው አፍሪካዊቷ ኢኳቶሪያል ጊኒም ትገኝበታለች። ቃላቱ ተቀራራቢ ቢሆኑም አጠቃቀማቸው፣ የመሳሳሙ ቁጥርና የአክብሮቱ ደረጃ ከአገር አገር፣ አንዳንዴም በአንድ አገር ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ይለያያል። በተጨማሪም በእነዚህ አገሮች የራሳቸው ቋንቋና ሥርዓት ያላቸው ነባር ሕዝቦች አሉ። በደቡብ ሜክሲኮ፣ በቺያፓስ ግዛት በምትገኘው ዚናካንታን የሚኖሩት ማያዎች በልማዳቸው ታናሹ ለታላቁ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ታላቁም በቀኝ እጁ ጀርባ ግንባሩን ነክቶ ቀና ያደርገዋል። ጉልበት ስሞ ምርቃት ለሚቀበል ሰው ይህ ሥርዓት ከማድሪድ ሰላምታ ይልቅ የቀረበ ነው። ስለዚህ «ስፓኒሽ ተናጋሪዎች እንዲህ ያደርጋሉ» የሚል አነጋገር በሰማችሁ ቁጥር የየት አገር ሰዎች እንደሆኑ መጠየቅ ተገቢ ነው።

«እንደምን አደሩ» እና «እንደምን ዋሉ» የምንለው በሰዓቱ ነው። በስፓኒሽስ?

በስፓኒሽም ሰላምታው ቀኑን ይከተላል፤ «ቡዌኖስ ዲያስ» ለጠዋት፣ «ቡዌናስ ታርዴስ» ለከሰዓት በኋላ፣ «ቡዌናስ ኖቼስ» ለማታ ነው። በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች የጠዋቱ ሰላምታ የሚያበቃው በእኩለ ቀን ሲሆን፣ በስፔን ግን ብዙ ሰዎች ድንበሩን የሚያኖሩት ምሳ ላይ ነው። ምሳ ደግሞ እዚያ የሚበላው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ በሰባት ሰዓት «ቡዌኖስ ዲያስ» ቢሏችሁ አትደነቁ። ሌላው ልዩነት የማታው ሰላምታ ነው፦ እኛ ስንገናኝ «እንደምን አመሹ»፣ ስንለያይ «ደህና እደሩ» እንላለን፤ በስፓኒሽ ግን «ቡዌናስ ኖቼስ» ለሁለቱም ያገለግላል። የእኛ ሰላምታ ያለፈውን ሌሊት ወይም ቀን እንዴት እንዳሳለፍን ይጠይቃል፣ የእነሱ ደግሞ መልካሙን ይመኛል። ይሁን እንጂ በኮሎምቢያ፣ በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ጠዋት ላይ «ኮሞ አማኔሲዮ» ብሎ ሌሊቱ እንዴት እንደነጋ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ይህን ስትሰሙ «እንደምን አደርክ» እንደተባላችሁ ቁጠሩት፣ መልሱንም እንደዚያው በምስጋና ስጡ።

«ኡስቴድ» የእኛ «አንቱ» ነው?

ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ሁለቱም ፊት ለፊት ያለውን ሰው ስለ ሌላ ሰው እንደሚነገር አድርገው ግሡን ወደ ሦስተኛ መደብ በመውሰድ ያከብራሉ፤ እኛ «እርስዎ መጡ» ስንል ብዙ ቁጥር፣ ስፓኒሽ ግን ነጠላ ቁጥር ይጠቀማል። ልዩነቱ የሚጎላው ለማን እንደሚባሉ ስንመለከት ነው። በእኛ ዘንድ ዋናው መለኪያ ዕድሜ ነው፤ ቀጥሎ ማዕረግና አለመተዋወቅ ይመጣሉ። በስፔን «ኡስቴድ» ባለፉት አሥርት ዓመታት እየተመናመነ መጥቶ፣ ዛሬ ተማሪ መምህሩን፣ ሻጭ ደንበኛውን «ቱ» (አንተ ወይም አንቺ) ብሎ መጥራቱ የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል፤ ለአረጋውያን፣ ለዳኛና ለማያውቁት ባለሥልጣን ግን አሁንም «ኡስቴድ» ይባላል። በኮሎምቢያ ግን፣ በተለይ በቦጎታና በደጋው አካባቢ፣ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ፣ የልብ ጓደኛሞች ሳይቀሩ «ኡስቴድ» ይባባላሉ፤ እዚያ ቃሉ ቅርበትን አይከለክልም። በኮስታሪካም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በአርጀንቲና፣ በኡራጓይና በብዙው የመካከለኛው አሜሪካ ክፍል ደግሞ «ቱ» በሚባልበት ቦታ «ቦስ» ይባላል፤ ይህ ንቀት ሳይሆን የዚያ አገር ሰው የዘወትር አነጋገር ነው።

ከዚህ ጋር መያዝ ያለባቸው ሌሎች ነጥቦችም አሉ። እኛ አክብሮቱን ሰውየው በሌለበትም እንጠብቃለን፤ ስለ መምህራችን ስናወራ «እሳቸው» እንላለን። ስፓኒሽ ይህ የለውም፤ ስለ ሕፃንም ሆነ ስለ አዛውንት ሲነገር ተውላጠ ስሙ አንድ ነው። ስለዚህ አንድ ሜክሲኳዊ ስለ አያቱ ሲያወራ «እሱ» የሚል ቢመስላችሁ ክብር እንደነፈገ አትቁጠሩት። በሌላ በኩል እኛ «አንተ» እና «አንቺ» ብለን የምንለየውን ስፓኒሽ አይለይም፤ ጾታ የሚታየው በቅጽሉ ላይ ነው። ትውውቅ ላይ ወንድ «ኤንካንታዶ»፣ ሴት «ኤንካንታዳ» ስትል ቃሉ የሚከተለው የተናጋሪውን ጾታ እንጂ የሚተዋወቁትን ሰው ጾታ አይደለም፤ ከአማርኛ የሚነሣ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ለብዙ ሰዎች ሲነገር በላቲን አሜሪካ «ኡስቴዴስ» ብቻ ያገለግላል፤ ልክ እንደ «እናንተ» ለወዳጅም ለባዕድም ይሆናል። በስፔን ግን ለቅርብ ሰዎች «ቦሶትሮስ» የሚል ሌላ አለ።

በተግባር የሚመከረው በ«ኡስቴድ» መጀመር ነው። ሰውየው ሊያቀርባችሁ ሲፈልግ «ቱቴአሜ» ይላችኋል፤ ይህም አንድ ታላቅ ሰው «አንቱ አትበለኝ፣ አንተ በለኝ» እንደሚለን ነው። እኛ እንዲህ ሲባል ብዙ ጊዜ እሺ ብለን እንኳ በ«አንቱ» እንቀጥላለን፤ እዚያ ግን ግብዣውን አለመቀበል ርቀትን እንደ መምረጥ ሊቆጠር ስለሚችል መቀበሉ ይሻላል።

ስንት ጊዜ ነው የሚሳሳሙት? ከየትኛው ጉንጭ ይጀመራል?

በስፔን ሁለት ጊዜ ነው፤ ስሙም «ዶስ ቤሶስ» ነው። በፓራጓይም ሁለት ነው። በሜክሲኮ፣ በኮሎምቢያ፣ በፔሩ፣ በቺሊና በአርጀንቲና አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀኝ ጉንጭ በቀኝ ጉንጭ ይጀመራል፤ ከንፈር ጉንጩን አይነካም፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተነካክቶ የመሳም ድምፅ ይሰማል እንጂ። በእኛ ዘንድ ግን ሦስት ጊዜ የተለመደ ሲሆን፣ ናፍቆት ሲኖር ቁጥሩ ይጨምራል፣ ጉንጭ በጉንጭ ላይም ትንሽ ይቆያል። አንድ ኢትዮጵያዊ ማድሪድ ውስጥ ሦስተኛውን ሲጠብቅ ሌላው ወደ ኋላ ተመልሶ መገኘቱ በጣም የተለመደ ነው፤ ለዚህ መፍትሔው የሌላውን ሰው እንቅስቃሴ መከተል ነው።

ከቁጥሩ የበለጠ ትኩረት የሚሻው ግን ለማን እንደሚደረግ ነው። በእኛ ባህል መሳሳም የትውውቅና የናፍቆት ምልክት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተዋወቁ ወንድና ሴት ብዙውን ጊዜ እጅ ይጨባበጣሉ፣ ከፍ ያለ አክብሮት ሲኖር ደግሞ በግራ እጅ የቀኝ ክንድን ደግፈው ጎንበስ ይላሉ። በስፔንና በብዙው ላቲን አሜሪካ ግን አንድ ጓደኛ አንዲትን ሴት ሲያስተዋውቃችሁ፣ ስሟን ሰምታችሁ ሳትጨርሱ ጉንጯን ታቀርባለች። ይህ የሚገልጸው ፍላጎትን ወይም ልዩ ቅርበትን አይደለም፤ «በወዳጄ በኩል ስለመጣህ ባዕድ አይደለህም» ማለት ብቻ ነው። አልሞ እጅ ዘርግቶ መቆም ቅዝቃዜ ሊመስል ይችላል። በሥራ ቦታ፣ በስብሰባና በባንክ ግን እጅ መጨበጥ ነው፤ በሥራ ላይ ከጉንጭ ይልቅ እጅ መስጠትን የሚመርጡ ሴቶችም ስላሉ የሴቲቱን እጅ መጠበቅ ትክክለኛው መንገድ ነው።

አንድ ሌላ ነገር መታወቅ አለበት። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በሰሙነ ሕማማት፣ ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ መስጠቱን በማሰብ፣ አይሳሳሙም፣ አይጨባበጡምም፤ መስቀል መሳለምም ይቀራል። በስፔን የዚያው ሳምንት ሰልፎች በሴቪሊያና በሌሎች ከተሞች በታላቅ ሥነ ሥርዓት ሲካሄዱ ሰዎች እንደ ወትሮው ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ። በዚያ ሳምንት ስፔን ውስጥ ያለ ኢትዮጵያዊ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ዝቅ ቢያደርግና ምክንያቱን በሁለት ቃል ቢናገር ማንም አይቀየመውም።

ወንድ ከወንድ ጋርስ?

በስፔን ወንዶች እጅ ይጨባበጣሉ፤ ወዳጆች ከሆኑ ተቃቅፈው ጀርባ መታ መታ ይደራረጋሉ፣ ይህም «አብራሶ» ይባላል። ጉንጭ መሳም በአባትና በልጅ፣ በወንድማማቾች መካከል የተወሰነ ነው። አርጀንቲና ግን የተለየች ናት፤ እዚያ ወንዶች፣ የሥራ ባልደረቦችም ሳይቀሩ፣ አንድ ጊዜ ጉንጭ ይሳሳማሉ። ጓደኛውን ሦስት ጊዜ ስሞ ወይም ትከሻ ለትከሻ ገጭቶ ሰላም ማለት የለመደ የአዲስ አበባ ወጣት በቡዌኖስ አይሬስ ምቾት ይሰማዋል፤ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ግን ይህንኑ ቢያደርግ ሌላው ሰው ግራ ይገባዋል። እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄድም በእኛ ወንዶች ዘንድ የወንድማማችነት ምልክት ሲሆን እዚያ የፍቅረኛሞች ነው።

ብዙ ሰው ወዳለበት ቤት ስገባ ለሁሉም አንድ ላይ ሰላም ማለት ይቻላል?

በላቲን አሜሪካ ቤተሰብ መካከል አይበቃም። ገቢው ሰው በክፍሉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ሰው፣ የማያውቀውንም ጨምሮ፣ እየዞረ ሰላም ይላል፤ ሲወጣም እንዲሁ አንድ በአንድ ይሰናበታል። ሕፃናትም ወደ ሳሎን ተጠርተው «ሰላም በል» ይባላሉ። በዚህ ነገር እኛና እነሱ ያለን ቅርበት ልብ የሚነካ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ተቀማጩም ድርሻ አለው፦ ታላቅ ሰው ሲገባ ተነሥቶ «ኖር» ይላል፣ ገቢውም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጠዋል። በስፓኒሽ ተናጋሪዎች ዘንድ መነሣት ጨዋነት ቢሆንም እንደዚህ ያለ የተወሰነ ቃልና ምላሽ የለውም። በላቲን አሜሪካ ዙሩ ሰዎቹ እንደተቀመጡበት ቅደም ተከተል ሊሄድ ይችላል፤ እኛ ግን ክፍሉን አቋርጠንም ቢሆን ከአዛውንቱ እንጀምራለን። ይህን ልማዳችንን እዚያም ብንጠብቀው የሚጎዳ ነገር የለውም፤ አያቶች ያስተውሉታል፣ ደስም ይላቸዋል።

በስፔን ደግሞ የሐኪም ቤት ተራ መጠበቂያ፣ የመኖሪያ ሕንፃ ሊፍት ወይም ትንሽ ሱቅ ሲገባ ለማያውቋቸው ሰዎች «ቡዌኖስ ዲያስ» ማለት ይጠበቃል። በዝምታ ገብቶ መቀመጥ ወይም በቀጥታ ዕቃ መጠየቅ እንደ ባለጌነት ይቆጠራል።

«እንዴት ነህ» ሲሉኝ እውነተኛ መልስ ይጠብቃሉ?

የተለመደው መልስ «ደህና ነኝ፣ እርስዎስ» የሚል ሲሆን ጥያቄውን መመለስ ግዴታ ነው። በስፔን «ኦላ፣ ኬ ታል» ብሎ ሳይቆም የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው፤ መልሱም እንዲሁ አጭር ይሁን። በኮሎምቢያ ግን ጥያቄዎቹ ይደራረባሉ፦ እንዴት ነህ፣ እንዴት ሆነልህ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ «ኬ ማስ» (ሌላስ) እየተባለ ይቀጥላል። የገጠራችንን ሰላምታ፣ ሰውየው ከራሱ ጤና ጀምሮ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው የሚጠያየቅበትን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። በሁለቱም ዘንድ መከራን ለመንገር የሚቸኩል የለም፤ ሐዘን ወይም ሕመም ቢኖርም በቅድሚያ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይባልና እውነቱ ከተቀመጡ በኋላ ይወጣል። በስፓኒሽም መልሱ «ቢየን፣ ግራሲያስ ኣ ዲዮስ» ነው። ኤል ሳልቫዶራውያንና ሜክሲኳውያን ስለ ነገ ሲናገሩ «ፕሪሜሮ ዲዮስ» ይላሉ፤ እኛ «እግዚአብሔር ካለ»፣ ሙስሊሞቻችንም «ኢንሻአላህ» እንደሚሉት ነው።

ልጆች ታላላቆቻቸውን እንዴት ሰላም ይላሉ?

በእኔ አመለካከት ከሁሉ የበለጠ የሚያቀራርበን ይህ ነው። በቬኔዝዌላ፣ በፖርቶ ሪኮና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ልጅ እናቱን፣ አባቱን፣ አያቱን፣ አጎቱን ወይም አክስቱን ሲያገኝ፣ ከቤት ሲወጣ፣ ስልክም ሲደውል «ቤንዲሲዮን» ይላል፤ ምርቃት መጠየቁ ነው። ታላቁም «ዲዮስ ቴ ቤንዲጋ»፣ እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ብሎ ይመልሳል። ይህ በልጅነት የሚቀር አይደለም፤ ሽበት ያበቀለ ሰው ለሸመገለች እናቱ ያንኑ ይላል። ምርቃቱን ሳይጠይቁ ማለፍ ወላጅን ያስከፋል። እኛ ዘንድ ልጅ ጉልበት ስሞ «እደግ፣ ተመንደግ» እንደሚባለው፣ ካህን ሲያገኝም መስቀል ተሳልሞ እንደሚባረከው ማለት ነው። ልዩነቱ እኛ ምርቃቱን የምንለምነው በአካላችን፣ በማጎንበስና በመሳም መሆኑ፣ እነሱ ደግሞ በቃል መጠየቃቸው ነው። በካራካስ ቤት ያደገ ልጅ ለአያቱ ሊሰግድ አያስብም፤ አንገቷን አቅፎ ምርቃቷን ይጠይቃል።

ዓይንን በተመለከተ ግን ልማዱ ይለያያል። እኛ ልጅ ታላቁን ሲያናግር ዓይኑን ዝቅ ቢያደርግ ጨዋ እንለዋለን፤ በስፔን መምህር ፊት ዓይኑን የሚሰብር ተማሪ ግን የሚደብቀው ነገር ያለው ሊመስል ይችላል። በዚያ ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆቻችን ይህን ለመምህራን ማስረዳት፣ ለልጆቻቸውም ሁለቱንም ልማድ ማስተማር አለባቸው።

ሰው ሲጠራኝ ምን ልበል?

«አቤት» የማለት ልማድ ያለው ሰው በሜክሲኮ እኩያውን ያገኛል፤ እዚያ ታላቅ ሰው ሲጠራ «ማንዴ» ይባላል፣ ትርጉሙም «ይዘዙኝ» ነው። በስፔን ግን አይለመድም። ስልክ ሲነሣ ሜክሲኮ ውስጥ «ቡዌኖ»፣ ስፔን ውስጥ «ዲጋ» ወይም «ዲጋሜ»፣ ኩባ ውስጥ «ኦይጎ»፣ ኮሎምቢያ ውስጥ «አሎ» ይባላል።

በስሜ ላይ የሚጨምሩት ማዕረግ ለምን ይለዋወጣል?

«ሴኞር» እና «ሴኞራ» ከቤተሰብ ስም ጋር፣ «ዶን» እና «ዶኛ» ደግሞ ከራስ ስም ጋር ይሄዳሉ። እኛ «አቶ» እና «ወይዘሮ» የምንለው ከራስ ስም ጋር ስለሆነ ለእኛ የሚቀርበው «ዶን» ነው፤ «ዶን ሆሴ» ሲባል አክብሮቱም ሆነ ሙቀቱ ከ«ጋሼ» ጋር ይመሳሰላል። እነሱ ሁለት የቤተሰብ ስም አላቸው፣ በቅድሚያ የአባት፣ ቀጥሎ የእናት። በመሆኑም አበበ ከበደ የሚባል ሰው በቢሮ «ሴኞር ከበደ» ተብሎ ይጠራል፤ ይህም ለእኛ ጆሮ አባቱን የመጥራት ያህል ነው። ስማችን የቤተሰብ ሳይሆን የአባት መሆኑን መጀመሪያ ላይ ማስረዳት ብዙ ግራ መጋባትን ያስቀራል።

የማላውቃት ሻጭ «ፍቅሬ» ትለኛለች። ምን ማለቷ ነው?

በካሪቢያን አገሮችና በኮሎምቢያ ጠረፍ «ሚ አሞር» (ፍቅሬ)፣ «ሚ ሬይና» (ንግሥቴ)፣ «ኮራሶን» (ልቤ) የሚሉት ቃላት የገበያ ወግ ናቸው፤ መርካቶ ውስጥ ነጋዴዋ «የኔ እናት»፣ «የኔ ቆንጆ»፣ «ወንድሜ» እንደምትለው ማለት ነው። በፈገግታ ማመስገን በቂ መልስ ነው።

ሰዎች እየበሉ ሳሉ ብደርስስ?

እኛ ዘንድ የሚናገረው በላተኛው ነው፤ «እንብላ» ይላል። በስፓኒሽ ተናጋሪዎች ዘንድ ግን የሚናገረው ብዙ ጊዜ አላፊው ነው፤ በሜክሲኮ ሰው ከምግብ ቤት ሲወጣ በማያውቋቸው ሰዎች ጠረጴዛ በኩል እያለፈ «ፕሮቤቾ» ይላል፣ ትርጉሙም ለጤና ይሁናችሁ ነው። በስፔን «ኬ አፕሮቤቼ» ይባላል። በስፔን ሽማግሌዎች ዘንድ ግን የእኛን የሚመስል ልማድ አለ፤ በላተኛው መጪውን «ጉስታ ኡስቴድ» ብሎ ይጋብዛል፣ ተጋባዡም «አመሰግናለሁ፣ መልካም ምግብ» ብሎ ያልፋል። እዚያ ግብዣው የጨዋነት ቃል ነው፤ ቁጭ ብሎ እጅ መታጠብ አይጠበቅም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን «እንብላ» የተባለ ሰው ቢያንስ አንድ ጉርሻ ቢቀምስ ጋባዡ ደስ ይለዋል።

ኢትዮጵያውያን ከስፓኒሽ ተናጋሪዎች ጋር በስፋት የተገናኙት የት ነው?

ሁለት ቦታ መጥቀስ ይቻላል። የመጀመሪያው ኩባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 በተካሄደው የኦጋዴን ጦርነት የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጎን ከተሰለፉ በኋላ፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትና ወጣቶች የኩባ ደሴት ወደሆነችው ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ ተልከው ተምረዋል። በዚያ ያደጉት ኢትዮጵያውያን ስፓኒሽን በኩባኛ ዘዬ ነው የለመዱት። በዚያን ጊዜ እኛ «ጓድ» እንል እንደነበረው በኩባ «ኮምፓኜሮ» እና «ኮምፓኜራ» የዘወትር መጠሪያዎች ነበሩ። የጓደኛሞቹ «አሴሬ፣ ኬ ቦላ» ደግሞ በእኩዮች መካከል ብቻ የሚባል ሰላምታ ነው፤ ለታላቅ ሰው አይባልም።

ሁለተኛው ዋሽንግተንና ዙሪያዋ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በምግብ ቤት፣ በሆቴል፣ በመኪና ማቆሚያና በግንባታ ሥራ ጎን ለጎን የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ከኤል ሳልቫዶር ከመጡ ሰዎች ጋር ነው። እነሱ ከእኩያ ጋር «ቦስ»፣ ከታላቅ ጋር «ኡስቴድ» ስለሚሉ፣ ከመጽሐፍ የተማራችሁት «ቱ» ለጆሯቸው እንግዳ ነው። ፈረቃ ሲጀመር አጠር አድርጎ «ቡዌናስ» ማለት በማንኛውም ሰዓት ይሠራል።

ስንለያይ ምን እንላለን?

«አዲዮስ» በስፔን ተራ ስንብት ሲሆን፣ በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች ረጅም መለያየትን ስለሚያመለክት «አስታ ሉዌጎ» (በኋላ እንገናኝ) ይመረጣል። በኮስታሪካ ግን ሰዎች መንገድ ላይ ሲተላለፉ «አዲዮስ» ይባባላሉ፤ እዚያ ሰላምታ ነው። «ቻው» ለእኛም ለአርጀንቲናውያንም ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ወደ እነሱ ያመጡት ጣልያናውያን ስደተኞች ናቸው። በእኛም በእነሱም ዘንድ የሚያገለግለው ለመለያየት ብቻ ነው።

በሐዘን ቤትስ?

በስፓኒሽ «ሎ ሲየንቶ ሙቾ» (በጣም አዝናለሁ) ማለት ይቻላል፤ መደበኛው ደግሞ «ሌ አኮምፓኞ ኤን ኤል ሴንቲሚየንቶ» ነው፣ በሐዘንዎ አብሬዎት ነኝ ማለት ነው። የሟች ስም ሲነሣ «ኬ ኤን ፓስ ዴስካንሴ» ይጨመራል፤ እኛ «ነፍሱን ይማረው» እንደምንለው ነው። በስፔን ቤተሰቡ ለቀስተኛን የሚቀበለው ታናቶሪዮ በሚባለው የአስከሬን ማቆያ ቤት ሲሆን፣ ቀብሩም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይፈጸማል። ከዚያ በኋላ ድንኳን ተጥሎ ለቀናት መቀመጥ የለም። ስለዚህ ዜናውን እንደሰማችሁ መሄድ አለባችሁ፤ እንደ አገራችን በኋላ ለቅሶ እደርሳለሁ ብሎ መቆየት አይሠራም።

ስፓኒሽ ተናጋሪ እንግዳ ይዤ ወደ ቤተሰቦቼ ልሄድ ነው። ምን ልንገረው?

በመጀመሪያ ከማን እንደሚጀምር ንገሩት፦ ከአያት ወይም በቤቱ ካሉት ትልቁ ሰው። እጁን ሲሰጥ ጎንበስ ይበል፣ ከቻለም በግራ እጁ የቀኝ ክንዱን ይደግፍ። ሴቶቹን እንደ አገሩ ልማድ ወዲያው ጉንጭ ለመሳም አይቅረብ፤ እነሱ ከሳሙት ግን ሦስተኛውን ሳይጠብቅ እንዳይመለስ አስጠንቅቁት። በአንዳንድ ሙስሊም ቤተሰቦች ወንድና ሴት እጅ ስለማይጨባበጡ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም ማለትን ይወቅ። ካህን ካለ ሌሎቹ መስቀል ሲሳለሙ እሱ ራሱን ዝቅ ማድረጉ በቂ ነው። ሰላምታው ሲረዝምና የቤተሰቡን ደህንነት ደጋግመው ሲጠይቁት ችግር የተፈጠረ እንዳይመስለው፤ ኮሎምቢያዊ ከሆነ ራሱም ያውቀዋል። በሩ ላይ «እንኳን ደህና መጣህ» እንደሚሉት እርግጠኛ ስለሆናችሁ፣ «እንኳን ደህና ቆያችሁ» የሚለውን መልስ ከመድረሳችሁ በፊት መኪና ውስጥ አለማምዱት።